ላንድሮቨሬ ያለ እኛ ስለ ሄደችበት የአዋሽ ፓርክ ጉዞ

ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዓባይነህ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ልደታ፣ አዲስ አበባ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ በፊት እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ ጤንነትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይም ዓይንዎ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። ስለ ዓይንዎ ለብቻው መጠየቄ ግር ቢልዎት፣ ምክንያቱን ደብዳቤው ሲያልቅ ስለሚያገኙት እስከዚያው በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ጸሐፊው ሰንጋ ተራ ባለችው ጋራዥ መኪና የምጠግነው፣ የቤት ቁጥሬን ከራሴ በተሻለ እርስዎ የሚያውቁት፣ ፍሰሐ ሚደቅሳ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት በገዛ ሥልጣኔ አይደለም። በመስከረሙ ስብሰባ ላይ፣ ነዋሪው በስኳር ሰልፍ ላይ ከሚያንሾካሹክ ሂሱን በግልጽ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ ሲሉ መመሪያ የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ከሁሉ ቀድሜ አጨብጭቤያለሁ። ሰሌዳው ላይ ከሰኔ ጀምሮ የሚገኘው ስለ ዝንብ አደገኛነት የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ አጠገቡ ሰፊ ቦታ አግኝቻለሁ። ሰሌዳው ከሕብረት ሱቁ በር ጎን በመሆኑም ሰልፈኛው ተራው እስኪደርስ ድረስ ደጋግሞ ሊያነበው ይችላል።

ባለቤቴ ወይንሀረግ ግን መመሪያዎን እንደኔ በደስታ አልተቀበለችውም። ለማብራሪያ የተጠራ ሰው አንዳንድ ጊዜ ማብራሪያው እንደሚረዝምበት ስለሰማች፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሳሙናና ጥቂት ዳቦ ቆሎ በዘንቢል አድርጋ ከበሩ ጀርባ ሰቅላልኛለች። እርስዎን የመሰለ ሂስ ወዳድ መሪ እያለን ይህ አያስፈልግም ብያታለሁ፤ ዘንቢሉን ግን አላወረድኩትም።

ሂስ ከግለሂስ ይጀምር ስለተባለ እኔም ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ጥፋቴ፣ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ሳይጠፋ አንድ ነገር እንዲያዩ መፈለጌ ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህንኑ በጽሑፍ ማቀዴ ነው፤ የባሰውም ይኸኛው ነው።

ሽማግሌው አማቴ አቶ ዱጉማ ቦጂያ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆባቸውን የሚያነሱት። አባባ ዱጉማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ዘብ ነበሩ። የተቀጠሩት እንስሳቱን ከአዳኝ ለመጠበቅ ቢሆንም፣ ማንም ሳያዛቸው በየዓመቱ የሚሠሩት ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ የሳላ ጥጆችን ይቆጥሩ ነበር። ሳላን አይቶ ለማያውቅ ሰልፈኛ ለማስረዳት ያህል፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ልጓም ያጠለቀ የሚመስል፣ ከአህያ ከፍ የሚል የዱር እንስሳ ነው። አባባ አንድ ጊዜ በሰኔ፣ አንድ ጊዜ በጥቅምት ይቆጥራሉ። በሰኔ የነበረው ጥጃ በጥቅምትም ካለ ክረምቱን ተርፏል ማለት ነው፤ ከጎደለም ምን እንደበላው ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ዱካ ሲከተሉ ይከርማሉ። ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል።

ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው መጋቢት ሐኪሙ ቀኙንም አይቶ፣ ቢበዛ እስከ መስከረም ቢቆይላቸው ነው አለን። ወይንሀረግ ከሐኪም ቤት እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች በእግሯ መጣች። አባባ ግን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ በሰኔ ሜዳው ላይ ቆሜ እነዚያን ሳላዎች አንድ ጊዜ ባየኋቸው፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳግመኛ አላነሱትም። እኔ ግን አልረሳሁትም።

መኪና እንዳለችኝ ያውቃሉ። ከሐራጅ በቁራጭ ብረት ስም የገዛኋት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ገጣጥሜ ያስነሳኋት፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ላንድሮቨር ናት። ለአሸዋና ለድንጋይ የተሠራች መኪና ዕድሜዋን ከልደታ ሰንጋ ተራ ስትመላለስ፣ ቢበዛ የተክለ ሃይማኖትን ጭቃ ስታቦካ ኖራለች። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የአንድ ቀን ጉዞ አቀድኩ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ንጋት ላይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከልደታ እንነሳለን። ደብረ ዘይትን፣ ሞጆንና ናዝሬትን ሳንቆም አልፈን ወለንጪቲ ላይ ሞተሩን እናሳርፋለን፤ አባባም ሻይ ይጠጣሉ። ሦስት ሰዓት ላይ መተሐራን አልፈን በፓርኩ በር እንገባለን። እዚያ የጎማዎቹን ነፋስ ትንሽ ቀንሼ፣ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ቢጫ እጀታ ወደ ታች ተጭኜ የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ብቻ ነው። መጀመሪያ ገደሉን ተከትለን እስከ ፏፏቴው፣ ከፏፏቴው ተመልሰን ሳላዎቹ ወደሚውሉበት ሜዳ። ሜዳው ላይ ነፋሱ ከእንስሳቱ ወደኛ በሚመጣበት በኩል ቆመን ሞተሩን እናጠፋና አባባ እስኪበቃቸው ያያሉ። ዐሥር ሰዓት ላይ ወጥተን ማታ ሦስት ሰዓት ልደታ እንገባለን። የሚያዘው ዕቃ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ አንድ ክሪክ፣ የጎማ ከመነዳሪ ከነመለጠፊያው፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ዳቦ ቆሎና የአባባ የርቀት መነጽር ነው። ለቤንዚኑ የሦስት ወር ኩፖን አጠራቅሜያለሁ። ከቤት እስከ ቤት 480 ኪሎ ሜትር።

ይህንን በሁለት ገጽ አጣርቼ ጽፌ፣ ከይለፍ ማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ሚያዝያ 3 ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ አስገባሁ። አያይዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም በዕቅድ ይመራ በሚባልበት ዘመን ዕቅድ ይዞ የመጣ ሰው ይመሰገናል ብዬ ነው፤ ሞኝነቴን ይመልከቱልኝ። ከዚህ ቀጥሎ ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልንን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ የጉዞው ዓላማ በሚለው ቦታ ላይ "ለማየት" ብዬ ብጽፍ፣ ጸሐፊዎ ጓድ ድንቅነሽ ማንን ለማየት ሲሉ ጠየቁኝ። የሳላ መንጋ ነው አልኩ። የሚጎበኙት አካላት ከሚኖሩበት ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገሩኝ። ሳላዎቹ የዱር እንስሳት መሆናቸውን፣ ቀበሌ እንደሌላቸው፣ በማኅበርም እንዳልተደራጁ በትሕትና ባስረዳ ነገሩ ጭራሽ ከበደ። ማመልከቻዬ "ወዳልተደራጁ አካላት የሚደረግ ጉዞ" ተብሎ ልዩ ፋይል ተከፈተለትና ሦስት ሳምንት ዐረፈ። ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ የአባባ የርቀት መነጽር በዕቅዱ ላይ በመጠቀሱ፣ ምን ሊታይበት እንደታሰበ እስኪጣራ ድረስ በአደራ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከወንበርዎ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ በክብር እንደሚገኝ በቀጠሮዬ ሁሉ አይቻለሁ። ማጣራቱ ሰባተኛ ወሩን ይዟል።

3ኛ/ እሑድ እሑድ የሚነዳው በሙሉና በጎዶሎ ታርጋ ተራ ስለሆነ ለኛ የሚደርሰን ሳምንት አልፎ ሳምንት ነው። የኛ ተራ በሆነ እሑድ ሁሉ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ አንድ አስቸኳይ ነገር አያጣም፤ አንዱን እሑድ የቦይ ጽዳት ዘመቻ፣ አንዱን እሑድ የውይይት ክበብ፣ አንዱን ደግሞ የቦይ ጽዳቱን የሚገመግም ስብሰባ። ግንቦት ሲጋመስ ቢሮዎ ገብቼ እግርዎ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እርስዎም፣ ዓይን የሚጠፋበትን ቀን ሐኪም ቆርጦ ሊናገር እንደማይችል፣ ኮሚቴው ግን ቁርጥ ባለ ቀን እንደሚሰበሰብ ገልጸው አጽናኑኝ። ያን ዕለት ከቢሮዎ ወጥቼ የት እንደሄድኩ እስከዛሬ አላስታውሰውም።

4ኛ/ ግንቦት 30 ቀን የደረሰን ደብዳቤ "የቀረበው የአንድ ቀን የጉዞ ዕቅድ በጥልቀት ተመርምሮ ጸድቋል" ይላል። ልቤ ቅቤ ጠጣና ከሥር ያለውን መስመር ሳላነብ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ይህም የኔ ጥፋት ነው። ወይንሀረግ እልልታዋን አቀለጠችው። አባባ ጢማቸውን ተላጩ፣ ጫማቸውን አስጠረጉ፣ የዘብነት ካፖርታቸውን ከሳጥን አውጥተው ቁልፎቹን እየዳሰሱ አንድ በአንድ ቆለፉ። ቅዳሜ ሰኔ 4 ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በር አንኳኩተው ያላነበብኩትን መስመር አነበቡልኝ፤ "አፈጻጸሙን ኮሚቴው በመስክ ጥናት መልክ ያከናውናል።" ጉድ በል ፍሰሐ! ለካ የጸደቀው ዕቅዱ እንጂ እኛ አይደለንም። ጓዶቹ ላንድሮቨሯን ከሞላሁት ቤንዚን፣ ከሁለቱ ጀሪካን ውሃና ወይንሀረግ ካዘጋጀችው ዳቦ ቆሎ ጋር ይዘዋት ሄዱ። በጣም ትሑታን ስለነበሩ፣ ዳቦ ቆሎው በሙሉ ፈቃዳችን የተሰጠ መሆኑን አስፈርመውኛል።

ለአባባ መኪናዋ ተበላሽታለች ብለን ዋሸናቸው። እሑድ ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የተበላሸ መኪና እንዲያ ባለ ጤናማ ድምፅ አይነሳም አሉኝ። እስከ ቀትር ድረስ ካፖርታቸውን አላወለቁም። 

5ኛ/ መኪናዋ እሑድ ማታ በሰላም ተመልሳልኛለችና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስለ ጉዞው የነገረኝ ሰው የለም፤ መኪና የሚጠግን ሰው ግን የሚጠይቀው መኪናዋን ነው። ከኋላው መቀመጫ ሥር የፍየል ጎድን፣ ወለሉ ላይ የቢራ ቆርኪ አገኘሁ። ጥናት ስለሚያስርብና ስለሚያስጠማ ይህ አልገረመኝም። ቢጫዋ እጀታ ላይ ግን፣ ማንም በስህተት እንዳይነካት ቅዳሜ ጠዋት የለጠፍኩባት ፕላስተር እንደተለጠፈች ነበረች። የፊት ጎማዎቹን ዞር ብሎ ያያቸው የለም ማለት ነው፤ ያለነሱ ደግሞ ወደ ሜዳው የሚያስገባውን አሸዋ የሚሻገር የለም። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ባየው በዕቅዴ ላይ 480 ያልኩት ጉዞ 398 ሆኖ ጠበቀኝ። ከልደታ መተሐራ ደርሶ መመለስ ልክ ይህን ያህል ነው። የጎደለችው ሰማንያ ሁለት ኪሎ ሜትር ምን እንደሆነች ደጋግሜ ባሰላ ፓርኩ ሆኖ አገኘሁት። ከወለንጪቲ ሻይ ጀምሮ ዕቅዴን ነጥብ በነጥብ ፈጽማችሁ፣ ያስቀራችሁት ፓርኩን ብቻ ነው።

6ኛ/ ሰኔ 12 ቀን በስብሰባው ላይ ያቀረቡት የመስክ ጥናት ሪፖርት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል። የሳላዎቹ አቋም ጥሩ፣ ብዛታቸውም አጥጋቢ መሆኑን ዘርዝረው አስረዱን። አባባ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የቀረችውን አንዲት ዓይናቸውን እርስዎ ላይ ተክለው ነበር። ጥያቄ ያለው ሲባል ተነስተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ጥጆቹ ስንት ነበሩ ሲሉ ጠየቁ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ የጥጆቹ ቁጥር ከዕቅድ በላይ መሆኑን አስታወቁ። አዳራሹ አጨበጨበ። አባባም አመስግነው ተቀመጡ።

ማታ ራት ላይ፣ ከዕቅድ በላይ ማለት ስንት ነው ፍሰሐ ሲሉ ጠየቁኝ። ምን ልበል? ፓርኩን ደጁን እንኳ እንዳልረገጣችሁት ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሳቸው፣ እኔ ባላያቸውም ሰው አይቷቸዋል፣ ደህና ናቸው ብለው እንጀራቸውን በሰላም ሲቆርሱ አየሁና ዝም አልኩ። እስከዛሬም አልነገርኳቸውም። ስለዚህ የተከበራችሁ ሰልፈኞች፣ ይህን ስታነቡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉልኝ፤ በረንዳችን ከሱቁ ሩቅ አይደለም።

7ኛ/ ነሐሴ 18 ቀን ጠዋት አባባ ወይንሀረግን ጠርተው፣ ዛሬስ ጨለማው ምነው ቆየ ሲሉ ጠየቋት። ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ክረምት ቢሆንም ፀሐይ ወጥታ መስኮቱን ሞልታዋለች። እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ እሳቸውም ገባቸው። አይዞሽ ልጄ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን ጋራዥ ሄጄ የሰው መኪና ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚህ ተራ ቁጥር ላይ የማቀርበው ምስጋና የለኝም።

8ኛ/ መስከረም 27 ቀን የይለፍ ወረቀታችን ማኅተም አርፎበት ወጣ። ለሦስት ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ለእሑድ ጥቅምት 12 ቀን። የጉዞው ዓላማ የሚለው ቦታ ላይ ሚያዝያ ላይ የጻፍኳት "ለማየት" የምትለው ቃል ሳትነካ ጸድቃለች። ጽሕፈት ቤትዎ የማይሠራ እንዳይመስላቸው ይህንንም ለሰልፈኞቹ ማስታወቅ ይገባኛል።

እንቅር ወይስ እንሂድ በሚለው ላይ እኔና ወይንሀረግ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። አባባ ከጓዳ ሰምተው ኖሮ፣ ዓይን ኖረም አልኖረ ጥቅምት ጥቅምት ነው፣ ጥጃ ይቆጠራል አሉና ክርክሩን ዘጉት። በዕቅዱ መሠረት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን፣ ወለንጪቲ ላይ ሻይ ጠጡ፣ በፓርኩ በር ስንገባ ቢጫዋን እጀታ ተጫንኳት። መንገዱን ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር፣ አሁን ደረቁ ወንዝ ነው፣ አሁን ግራሩ በግራ በኩል ነው ይሉኛል፤ ቀና ስል በግራ በኩል ግራር አለ። ሜዳው ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። እናንተ ቁጠሩ፣ እኔ እሰማለሁ አሉን። እኔ ትልቁን ሳላ ከጥጃው ለይቼ የማላውቅ የልደታ ሰው ነኝ፤ ቀንዱ አጭር፣ መልኩ ቡናማ፣ የፊቱ ጥቁር ገና ያልጠቆረ ፈልጉ አሉን። መነጽሩ እርስዎ ዘንድ በአደራ ስላለ ዓይናችንን እያጨናበስን ወይንሀረግ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠርን። ዘጠኝ ሆኑ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ መልሰው ሽታቸው መጣልኝ አሉ፤ ከነሐሴ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቆይተው ግን ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። በሰኔ ስንት ነበሩ አሉኝ። ዐሥር ከነበሩ ደህና ክረምት ነው፣ ሃያ ከነበሩ ግን አንድ ነገር እየጨረሳቸው ስለሆነ ለዘቦቹ መናገር አለብን፤ በሰኔ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ጓድ ዓባይነህ ነው፣ እሱን ጠይቅልኝ አሉ። ናዝሬት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። እነሆ መጠየቄ ነው።

እንግዲህ ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የላንድሮቨሯን ቤንዚን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ሰባት ወሩን አላነሳም፤ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። አመቺ በሆነልዎት ጠዋት በረንዳችን ላይ ብቅ ብለው፣ አባባ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሰኔ የነበሩትን ጥጆች ቁጥር በገዛ አፍዎ ይንገሩልኝ። ካላወቁት ደግሞ አላየሁም ይበሏቸው። እኔ አንድ ጊዜ መኪናዋ ተበላሽታለች ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ውሸት ስለ እርስዎ ብዬ አራት ወር ተሸክሜዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። አንዲት ቃል ናት፤ እንደ ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ከሩብ አትፈጅብዎትም።

ለማብራሪያ ከተፈለግሁ ቀን ቀን ሰንጋ ተራ ጋራዥ፣ ማታ ማታ ቤቴ እገኛለሁ። ዘንቢሌ ዝግጁ ነው።

ማመልከቻን ሳያዩ የማያልፉ፣ ዕቅድን ከአቃጁ በላይ የሚወዱ፣ መተሐራ ተቀምጠው አዋሽን የሚያጠኑ መሪያችን ሆነው እንዲቆዩልን ከልብ እየተመኘሁ፣ ቆቤን አውልቄ፣ ወገቤን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ፍሰሐ ሚደቅሳ
መካኒክ፣ የላንድሮቨሯ ባለቤት (ከሰኔ 4 እና 5 በስተቀር)

ማስታወሻ፦ ከጉዞ የተመለሰ ሁሉ በሚሞላው ቅጽ ላይ "በጉዞው ያዩትን ይግለጹ" የሚል መስመር አለ። አባባ፣ ዘጠኝ ጥጃ ብለህ ጻፍ ብለውኝ በአውራ ጣታቸው ፈርመውበታል። ጓድ ድንቅነሽ ግን ዓይነ ስውር ሰው ዘጠኝ ጥጃ አየሁ ሊል አይችልም በማለት ቅጹን ለእርማት መልሰውልኛል። ለማረም ፈቃደኛ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን እርስዎ የሰኔ 5ቱን ቅጽ እንዴት እንደሞሉት እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ፤ አይቼ እማርበታለሁ።

የርቀት መነጽሩ ተጣርቶ ካለቀ ደግሞ መመለሱ ይቅር። እኔ ሳልሆን አባባ ናቸው እንዲህ ያሉት፤ ለኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል፣ ሳላዎቹን በዓይኑ አይቶ ለነገረን ለጓድ ዓባይነህ ይሁንለት፣ ዓይኑንም እግዜር ይጠብቅለት ብለው እጃቸውን ዘርግተው መርቀውልዎታል። ከልባቸው ነው። ከመጀመሪያው ስለ ዓይንዎ ጤንነት የጠየቅሁት፣ ይህን ምርቃት የማድረስ አደራ ስላለብኝ ነው።